በዓይን ግምት

ቤቱን የሸጠልን ቁልፉን ሲያስረክበን
«ውሃው እንደ ልጅ ነው» ብሎ መከረን።
ሳቅን።
ራስ አል ኸይማ ነው፤ ወሩ ሐምሌ ነው፤
ጥላ እንኳ በቀትር ጥላ የሚያምረው።
ልጅ ምን ያስቸግራል ዝም ብሎ ከተኛ
ብለን ተኮፈስን፣ ባለ ገንዳ እኛ።

በአራተኛው ሌሊት ሻማል ነፈሰና
ከበረሃ ያፈሰውን ገንዳው ላይ ደፋና
ሄደ። ሦስት ቀን ቆይቶ
ውሃው ጎመን ሆነ።

እኔ የሆቴል ወጥ ቤት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ
ጨው በጣቴ ስቆነጥር «ልክ ነው» ያሉኝ ሁሉ፣
ሚዛን የማልይዝ፣ በማንኪያ የማልሰፍር፣
ከገዛ እጄ በቀር ሰው የማላማክር፣
ክሎሪኑን እንደ በርበሬ በእፍኜ በተንኩት።
አልጠራም፤ ደገምኩት።
አልጠራም፤ ሠለስኩት።
ሽታው ዓይን ሲያቃጥል «በዛ» አልኩና ተውኩት።

ባሌ አስናቀ፣ የወደብ ክሬን ነጂ፣
ኮንቴይነር ከሰማይ በቀስታ አውራጂ፣
«ባሕሩ እዚያ ማዶ በነጻ ተንጣሎ
እኛ ኩሬ ገዛን» አለኝ ፊቱን ጥሎ።

ነኺል ሰፈር ወረድኩ፣ ውሃውን በጠርሙስ ይዤ።
ሻፊ የኬረላው፣ እርሳስ በጆሮው ሰክቶ፣
እንደ ሽንት መርማሪ ወደ ብርሃን አይቶ፣
«ሽታው በዛ» ስለው፣
በወጥ ቤት ዐረብኛ፣ እኔና እሱ ብቻ በምንግባባው፦
«የሚሸት ገንዳ ክሎሪን በዝቶበት አይደለም፣
አንሶት ነው፣ ማዳም።
ያ የሚሸትሽ የደከመው ነው፤
ቆሻሻውን ታቅፎ የቀረው ነው።
አሲድና ክሎሪን ደግሞ ጣውንቶች ናቸው፤
በአንድ ጓዳ አታኑሪያቸው።»

እሱንስ አውቀዋለሁ።
በሃያ ዓመቴ፣ ሻርጃ፣ በሰው መታጠቢያ ቤት፣
በረኪናና አሲድ ባንድ ባልዲ አጋብቼ፣
ደረቴን ጨብጬ ደጅ ላይ ተደፍቼ፣
የጎረቤት ሾፌር ነው ያነሳኝ።
ይህን አልነገርኩትም። ዋጋ ተከራከርኩ።

ትንሽ ሳጥን ሸጠልኝ፤ ሁለት ቀጫጭን ብልቃጥ፣
አምስት ጠብታ ለቀዩ፣ አምስት ጠብታ ለቢጫው።
ሀሴት ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በፀሐይ አንስታ
«ጽጌረዳ!» ስትል አባቷ «ብርቱካን!»፤
እሷ «ሰባት ነጥብ ስምንት»፣ እሱ «ሰባት ነጥብ አራት»፤
ባንድ ነጥብ ተኳርፈን በላን እራት።

አርባ ሺህ ሊትር ወጥ፣ ግን የማይቀመስ ወጥ!
ሶዳው መጀመሪያ፣ አሲዱ ቀጥሎ፣
አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይሄድም ተብሎ፣
ክሎሪኑ ማታ፣ ቀን ቀን ፀሐይ ስለምትበላው።
አንዱን ቀና ሳደርግ ሌላው ይዘምማል፤
ፒኤቹን ሳወርደው አልካሊኒቲው ይከተላል፤
እጄ «ጨምሪ» ይለኛል፣ ወረቀቱ «ጠብቂ»፤
ፓምፑ ይዙር፤ ስድስት ሰዓት ጠብቂ።
መጠበቅ የሚባል ቅመም
በኔ ማድቤት አልነበረም።

ደግሞም በየቀኑ አንድ ጣት ውሃ ወደ ሰማይ ይሄዳል።
የምንተካው ከቧንቧ፣ ቧንቧው ከማጣሪያ፣
ማጣሪያው ከባሕር፤
አስናቀ ሒሳቡን በመጣው ቢል ጀርባ ሠርቶ
«ያው ባሕሩን ነው የምንገዛው» አለ፣ ጨዋታው ገብቶት፣
ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ጠዋት፣
የፍሳሹ ክዳን ታየ። ብሎኖቹን ቆጠርኩ፤ ስድስት።
አንዷ ዝጋለች።
ሀሴት ከነልብሷ ዘለለች።
አስናቀ ኩሬ ያለውን ረስቶ እስካንገቱ ገባ፤
ውሃው ለብ ያለ ሾርባ ነው በሐምሌ፣ ማንም ግድ አልሰጠው።
እኔ ዋና አላውቅም። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጬ
የእግሬን ጣቶች አየሁ፣ አሥሩንም፣
ጥፍራቸው መቆረጥ ነበረበት።

ሰኞ ሆቴል ገባሁ። ድስቱ ሲንተከተክ
ጨው ቆንጥሬ እጄን ዘረጋሁ፤
እጄ ከእንፋሎቱ በላይ ቆመ።
ረዳቴ አየኝ፣ ድስቱን አየ፣ እንደገና አየኝ።
«ስንት ጠብታ ነበር?» አልኩት።