ያኑርሽ

ሐርማታን ሲነፍስ፣ ኩማሲ ስትነጣ፣
ከሱዋሜ ጋራዥ፣ ከግሪስ ስወጣ፣
አስነጠሰኝ አንዴ፣ ከደጃፉ ስደርስ፤
አቧራ ነው አልሁኝ፣ መጥቶ የሚመለስ።
«ይማርህ» አለችኝ፣ ድምፄን ስትሰማ፣
ክር በጥርሷ ይዛ፣ እህቴ አምፖማ።
መመለስ ነበረብኝ፣ «ያኑርሽ» የሚል ቃል፤
ራት ቀርቦ ነበር፤ ረሃብ መች ይጠብቃል።

ሦስት ቀን ብቻ ነው የእኔ ጉንፋን ዕድሜ፤
ሞተር እየፈታሁ አሳለፍሁት ቆሜ።
ያው ጉንፋን፣ ያው ቫይረስ፣ ወደ እሷ ሲሻገር፣
ሌላ ስም አወጣ፣ እንደ ሰው በሰው አገር።

በአራተኛው ሌሊት፣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣
ትንፋሽ ትለቅማለች፣ በጣቷ ቆጥራ፣ አስተካክላ፣
መሬት ላይ ወድቆ እንደተበተነ መርፌ።
እኔስ ምኑን ላንሣ? ቀረሁ እጄን አጣጥፌ።
ሌሊት ትሮትሮ የለም፤ ይዣት በሰው ታክሲ
(ፍሬኑን ባልጨረስሁት)፤ እንቅልፍ ላይ ናት ኩማሲ።

ሐኪሟ ራጁን በብርሃን አሳየችኝ፤
«ጥቁር መሆን የነበረበት፣ ይኸው ነጥቷል» አለችኝ።
ትኩሳቱ ሲያቃጥላት፣ አየሩ ሲያጥርባት፣
ክብ የነበረው ደሟ ማጭድ ሆነ፣ ጎበጠባት።
ማጭድ ያለ መኸር! ምን ሊያጭድ ነው የገባ፣
ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳይታክት በሠራ ሳንባ?

«ደም ፈልግ» ሲሉኝ፣ እጅጌዬን ጠቀለልሁ፤
«የእናቷ ልጅ እያለሁ፣ ማንን እለምናለሁ?»
ቴክኒሻኑ መርምሮ፣ ወረቀቱን አጠፈ፤
«ግማሹ አንተም ውስጥ አለ፤ ሌላ ሰው አምጣ» ብሎ አለፈ።

ግማሹ! ከእናት ይሁን ከአባት አላውቀውም፤
እጣው ሲወጣልን ማንም አላየውም፤
ለእሷ ሙሉ ደረሳት፣ ለእኔ ደግሞ አጋማሽ፣
እኔን የማያሳምም፣ ለእሷ የማይሆን ምላሽ።

ጎማ ጠጋኙ አዊኒ፣ ሰውዬው ከቦልጋታንጋ፣
ወሬውን ሰምቶ መጣ፣ ገና ሌሊቱ ሳይነጋ።
በስድሳ ሲዲ ብድር በሰው ፊት ያዋረድሁት፣
ክንዱን ዘርግቶ ሲተኛ በመስኮቱ አየሁት።
«ሂሳቡ ግን አለ» አለኝ ሲወጣ፣ ጥጡን ይዞ፤
ቀልዱን አልመለስሁለት፣ ምላሴ ነበር ደንዝዞ።

ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው።
አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጥተዋታል፣ ሦስት ኳስ ያለበት፤
ቱቦውን በአፏ ይዛ አየር ትስብበታለች።
አንደኛዋ ኳስ ትነሣለች።
ሁለተኛዋ ትንቀጠቀጥና ትወድቃለች።
ሦስተኛዋን እስካሁን ማንም አላነሣት፤
ነርሱም «እሷን ለነገ እንተዋት» ይላል።

«አርባ ሁለት እጅጌ... ቀርቶኛል»
ትለኛለች በስብና ስብ መሃል፤
«ሰኞ... ትምህርት ይከፈታል።
ልጆቹ... ያለ ዩኒፎርም...»

እኔ በሩ ላይ ነኝ፣ አፍና አፍንጫዬ በጭምብል ታስሮ።
አሥር ቀን ያቆየሁት ዕዳ ይዞኛል ጎሮሮ።
ለአዊኒ ያልከፈልሁት፣ በደሜም ያልከፈልሁት፣
አንዲት ቃል ነበረች፤ በጨርቁ ውስጥ አወጣኋት፦

«ያኑርሽ።»

ቱቦውን ከአፏ አወጣች።
ኳሶቹ ሦስቱም ከሥር ተቀመጡ።
ዞር ብላ አልጋዎቹን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ አየችና፦
«ማን አስነጠሰ?» አለች።