ከሰረዙ በኋላ

ቶርስሃቭን ወደብ ዳር፣ ከዓሣ ሚዛን ቤቱ በላይ፣
ጨው በልቶት ደብዝዟል የሱንቫ መስኮት፤ ባሕሩ በቅጡ አይታይ።
እሷም አታየውም። ሥራ ይዛለች፤
የሃኑስን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ታሲዛለች።

ሃኑስ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበረ፤
ጡረታ ሲወጣ ሰው መቁጠር ጀመረ፣
የደሴቱን ሰው ሁሉ፣ በየቤቱ ስም፣
ልደትና ሞትን በቅንፍ ሲያጋጥም።

ጣቱ የለመደው በጽሕፈት መኪና፣
ኮምፒውተር ሲገዙለት ልማዱን አልተወምና፣
ከነጥብ በኋላ ሁለት ክፍተት ይመታል፣
አንቀጽ ሲጀምር አምስት ይራመዳል፤
ሠንጠረዡን ሁሉ በባዶ ቦታ አጥሮ፣
ኮማውም ከቃሉ፣ እንዳኮረፈ ባል፣ ጀርባ ሰጥቶ ዞሮ።

በእጅ ይለቀም ቢባል ክረምቱ ያልቃል እንጂ ስህተቱ አያልቅም።
ሱንቫ ግን አትለቅምም።
ጥለት ትጽፋለች፦
ቅንፍ ትከፍታለች፣ ዘንግ ታጋድማለች፣
የመደመር ምልክት ከጫፉ ታስራለች።
ላላወቀ ዓይን የዶሮ ጭረት ነው፤
ለማሽኑ ግን ትእዛዝ፦
«ክፍተትን ተከትሎ ክፍተት ካገኘኸው፣
ሁለትም ይሁን ሃያ፣ አንድ አድርገህ ተወው።»

ሁሉንም ተካ።

ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቦታ፣
ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ፣ በአንዲት ጣት ምታ።
ኮማዎች ታርቀው ከቃላቸው ገጠሙ፣
አንቀጾች በመስመር በወጋቸው ቆሙ።
ገጿን እንደ ተላጨ ፊት ዳሰሰቻት፣ ወደደቻት፤
አትማ ለሃኑስ በጀልባ ላከችለት።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ጮኸ። ድምፁ ዝግ ያለ።
«ገጽ ሁለት መቶ ስድስትን ክፈቺ» አለ።
«ከፈትኩ።»
«የእኔን ቤት ፈልጊ። ከስሜ ቀጥሎ ምን ይላል?»
«ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስምንት። ሰረዝ። ከዚያ ቅንፉ ይዘጋል።»
«እሱን ነው የምልሽ።
የት ልሞት ነው እኔ? ቦታዬን ምን በላው?»

ነፋሱ የመስኮቱን ጠርዝ ሲነቀንቅ ይሰማል።
«አሥር ክፍተት ነበር፤ በጣቴ ቆጥሬ፣
እስክሪብቶ እንዲበቃው፣ አራት አኃዝ እንዲይዝ አስቤ፣ መትሬ።
መጽሐፉ በየቤቱ መደርደሪያ ይኖራል፤
ልጅ የአባቱን ዓመት በእጁ ይሞላል።
አርባ ሦስት ነን ዛሬ በደሴቱ የቀረን፤
ሰረዝ ነው የተሰጠን፣ ገና አልተሰረዝን።»

ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ እየቀለበሰች፣
የሰኞ ሥራዋን ሰብስባ አፈረሰች።
ያ ሁሉ ስህተት እንደ ባሕር ወፍ መንጋ ተመልሶ ሰፈረ፤
ኮማው ዳግም አኮረፈ፣ አንቀጹ በየፊናው አደረ።

ከዚያ ሌላ ጥለት፦ «ከመንካትህ በፊት ወደ ኋላ እይ፤
ሰረዝ ከቀደመው እጅህን አታሳርፍበት፣ አደራ፣ እንዳታይ።»
ሞከረችው። ከሰረዙ የተጠጋውን አንዱን አዳነ፤
የቀሩትን ዘጠኝ ጨፍልቆ፣ የታዘዘውን ሆነ።
ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም።
ወደ ኋላ ማየት አንድ እርምጃ ብቻ ከሆነ አይበቃም።

በመጨረሻ ገባት። በፊት እነሱን ታስቀድም፦
አራት አኃዝ፣ ሰረዝ፣ ክፍተት፣ የሚዘጋ ቅንፍ፣
ይህን ቅርጽ የያዘ ሁሉ ይውጣ ከሰልፍ፤
ባዶውም በማይታጠፍ፣ በማይሰበር ባዶ ይተካ።
ፈልግ።
አርባ አራት ተገኘ።

ቆጠረች ደግማ። አርባ አራት።
ደወለች። «አንድ ሰው ተርፏል» አለች፤ «ገጽ ዘጠና ሦስት፣
ሆግኒ የሚባል፤ የተወለደው ከአንተ በፊት
በሁለት ዓመት።»

መስመሩ ላይ የሃኑስ ትንፋሽ ብቻ ነበረ፤
ሞተር ለመነሳት ሲያንገራግር የመሰለ።
«ወንድሜ ነው» አለ። «በሃምሳ ሰባት ለአደን ወጣ፤
ጀልባውም አልተገኘች፣ ቀኑም አልመጣ።
ከአርባ ሦስቱ ጋር አልቆጥረውም፤
አልሰርዘውምም።»

ሱንቫ ስልኩን ዘጋች።
ገጽ ዘጠና ሦስት ላይ አንድ ጊዜ አየች፣
ከሰረዙ በኋላ ያለውን ነጭ ቦታ፣
አሥር ክፍተት ስፋት፤
ሌላ ምንም አልነካችም።
ከዚያ ሁሉንም ተካ።