ስድስት ብርጭቆ ነበረኝ

«ኑ ሻይ ጠጡ» አልኳቸው፣ «ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤
ድግስ አይደለም፣ ሻይ ነው፤ ማንም እንዳያስር ክራባት።
ሰንጋ ተራ፣ ሰባተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል፤
እያረፋችሁ ውጡ፣ በየፎቁ መስኮት አለ፣ ነፋስ ያገኛችኋል።»

ስድስት ብርጭቆ ነበረኝ፤ ስድስት ሰው ነው የጠራሁት፤
ሒሳቡን ዓርብ ማታ በጣቴ ነው የጨረስኩት፦
እናቴ፣ ጋሽ ደምሰው፣ ናርዶስና ባሏ፣
ምንታምር ከመሥሪያ ቤት፣ ጀሚላ ከነሳምቡሳዋ፣ ከነአመሏ።
ራሴን አልቆጠርኩም፤
ጠሪ ሆኖ ራሱን የቆጠረ ሰው አላየሁም።

ግን እናቴ ከቤቷ ብቻዋን ወጥታ አታውቅም፤
ከታክሲው እስከ ደጃፌ ያገኘችውን ሳትጠራ አታልፍም።
መጣች እትዬ ዘርፌን ይዛ፣ የማኅበር ጓደኛዋን፣
ደግሞም አንድ ጎረምሳ፣ ደረጃ ላይ የያዘላትን ቦርሳዋን።
«ለመሆኑ ስምህ ማነው?» አለችው፣ በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ፤
«ያቤፅ» አላት፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንዳይስቅ።

ወጣሁ ወደ ኮሪደሩ፣ የሲስተር አፀደን በር መታሁ፤
«ሁለት ብርጭቆ አውሺኝ፣ ማታውኑ እመልሳለሁ።»
«ሻዩ ምን ገብቶበታል?» ነርስ ናት፣ ሳትጠይቅ አትሰጥም።
«ቀረፋ፣ ሄል፣ ትንሽ ዝንጅብል።» «ጤና አዳምስ?» «የለኝም።»
«እንግዲያው ቆይ» አለችና፣ ከመስኮቷ ጣሳ ላይ ቀጥፋ
ተከተለችኝ፣ ብርጭቆዎቿን እንደ ጫጩት አቅፋ።

ይሄኔ መብራት ሄደ።
ምድጃው ቀላ ብሎ ነበር፤ ጠቆረ።
ማንቆርቆሪያው ሊያፏጭ ጀምሮ፣ ትንፋሹን ውጦ ቀረ።
የናርዶስ ባል የስልኩን ባትሪ አበራ፣
ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጉልበቱ ላይ ተቀምጣ።
እንዴት እንደሳቅን!

ሳቁ ወለሉን አልፎ ወርዶ፣ አቶ ጉርሜሳን ይዞ ወጣ፤
ቡታጋዛቸውን ታቅፈው፣ «ሰው ሲስቅ ሰማሁ፣ ልጠጣ።»
ከኮታቸው ኪስ አንዲት ብርጭቆ፣ ጠርዟ ላይ የተሸረፈች፤
«ባቡር ጣቢያ ስሠራ ጀምሮ አብራኝ የኖረች፤
በሌላ አይጥመኝም።»

አሥር ሰው፣ ዘጠኝ ብርጭቆ። ብበደር ባለቤቱ ይመጣል፤
ሕንፃው በሙሉ ቢሰበሰብ፣ ይሄ ሒሳብ አንድ ይጎድላል።
ያቤፅ ተራ ጠበቀ። እናቴ ጠጥታ ስታበቃ፣
ስኳሩ ከሥሩ እንዳለ፣ ሳታለቀልቅ፣ በዚያችው ቀድታ
ሰጠችው፤ ያን ጊዜ ልጁ ቀና አለ።

ጋሽ ደምሰው ግን ስኳሩን በእጁ ጀርባ ገፋ።
ሚስቱ በነበረች ጊዜ፣ ፊቷን ስታዞር ጠብቆ
አራት ማንኪያ ይሰርቅ ነበር፣ እንደ ልጅ ተሸማቆ።
ዛሬ ከልካይ የለው፤ መራራውን ይጠጣል።
ማንም ምንም አላለ።
ጀሚላ ብቻ ሳምቡሳውን ወደሱ አስጠጋች፣
«ቃሪያው ብዙ ነው» አለች፣ «ዓይን ያስለቅሳል»።
በላ። ዓይኑን ጠረገ። «እውነትም» አለ፣ «ያቃጥላል።»

ከዚያ ወሬ። የምንታምር አለቃ፣ የቤት ኪራይ፣ የእትዬ ዘርፌ ጉልበት፣
ሲስተር አፀደ ስለ ደም ግፊት፣ ማንም ሳይጠይቃት።
ከታች የሜክሲኮ ታክሲ ረዳቶች ይጮሃሉ፤
እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፃቸው ከሩቅ እንደሚጣሩ ዘመዶች ያስታውቃሉ።
መሸ፤ አላወቅንም። ፊት ለፊት ያለው ሰው ጥላ እስኪሆን
በጨለማ ስናወራ፣ መብራት መጥቶ አጋለጠን፤
ሁሉም «ኧረ መሽቷል!» ብሎ፣ እየተንጠራራ ተነሣ፤
ሰባት ፎቅ ሙሉ ስንብት፣ እየወረደ የሚያስገመግም ጓዝ፣ ኮቴና ቦርሳ።

ብርጭቆ ሳጥብ ነው የታወሰኝ፤ ለካ እኔ አልቀመስኩም።
ማንቆርቆሪያው ሥር የቀረ፣ ቅጠሉ የዘቀጠ፣ ለብ ያለ፤ ቢሆንም፣ አልደፋሁም።
የሲስተርን ሁለቱን መለስኩ።
የተሸረፈችዋን አስቀረሁ፤
የጎደለውን ጠርዝ ወደዚያ አዙሬ፣ ቀስ ብዬ ጠጣሁባት።
የሚመጣው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣
ባለቤቷ ፈልገው ይምጡባት።