ግራጫው

ናዚፍ መጣ ማታ፣ በዝናብ በስብሶ፣
ፍላሹን በፌስታል እንደ ሕፃን አልብሶ።
«አራት አመጣሁልህ፤ እንደ ሰልባጅ ልብስ
ለክተህ ምረጥ፤ ዋጋ የለው፣ ኪስህን አትዳብስ።»

ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ፣ ዩኒቨርሲቲው በር፣
የሰው መመረቂያ ሳባዛ፣ ስጠርዝ፣ ስቆጥር፤
ማታ ክራሬን ይዤ፣ ሂርማታ፣ ጓዳ ቤት፣
አንድ ዜማ አለኝ፣ መቅጃ ያጣሁለት።

የመጀመሪያው ስመ ጥር፣ ስቱዲዮ የሚያውቀው፣
«ቁልፉን ሰብረውለት፣ ያኔ ነው ነፃ የወጣው።»
ገና ስከፍተው፣ ፋይሌ በሙሉ ሾርትከት፤
የእህቴ የኒካህ ፎቶ ጠፋኝ የገባበት።
ሰብሮ የገባ እንግዳ ሰብሮ ነው የሚወጣ፤
ናዚፍ ጥፍሩን ነከሰ፣ የሚለው ነገር አጣ።

ሁለተኛው ሳቂታ፣ ቀለም የተኳለ፣
«አሥራ አራት ቀን በነፃ፣ ከዚያ በኋላ…» አለ።
ከዚያ በኋላ በካርድ፣ በዶላር ነው ክፍያው፤
እኔ የማውቀው ካርድ፣ በሳንቲም የሚፋቀው።

ሦስተኛው ግን የእውነት ነፃ፣ ምንም የማይሰስት፣
መቶ ከበሮ አለው፣ ዋሽንት በየዓይነት፤
አሮጌዋ ቶሺባዬ ልትሸከመው ብላ
ጮኸች እንደ ጅሬን ዳገት ባጃጅ፣ ስምንት ሰው አዝላ።
ክሩን ዛሬ ብመታ፣ ድምፁ ነገ ሊደርስ፣
ዘግይቶ፣ ዘግይቶ፣ እንደ ቀበሌ መልስ።

አራተኛው ቀረ።
ግራጫ። ጌጥ የሌለው።
ከላይ አንዲት ቀይ ነጥብ፣
የቀላች የቡና ፍሬ የምታህል።
ናዚፍ አፈረለት፦ «ይሄ የጋዜጠኛ ነው፣
ንግግር መቁረጫ እንጂ ዘፈን የት ይችለው?»
ግን ቀለለ፤ ተከፈተ፤ ሻይ ሳይበርድ ቀዳ፤
ድምፄን እንደ አገር ሣለው፣ ተራራና ሜዳ።
ምርጫ ከሆነ ምርጫ፣ ብዙ ሳልመረምር
ለግራጫው ድምፄን ሰጠሁ፤ ናዚፍ ይመስክር።

የቀረው ችግር ጅማ ነው፤ ዝናቡ አይገታ፣
ቆርቆሮው ይዘፍናል፣ ከእኔ በላይ፣ በእልልታ።
ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ማይኩን በካልሲ ሸፍኜ፣
ላቤ በክሩ ላይ ሲወርድ፣ ዘፈንኩ ታፍኜ።

ግራጫው ግን ጠቢብ ነው፤ ጫጫታ ያጠፋል፤
ከዚያ በፊት ብቻ አንድ ነገር ይጠይቃል፦
ዝምታህን ስጠኝ።
አምስት ሴኮንድ ይበቃል።
ሳትዘፍን፣ ሳትነካካ፣ ቤቱ ምን ይላል?

ቁጭ አልኩ። ቀዳሁት። ጆሮዬን ደፍኜ ብሰማው
ዝናቡ ከላይ አለ፤ ከዝናቡ ሥር ያለው
ተክ ተክ ተክ፣ ተክ ተክ፤ ከግድግዳው ማዶ፤
የሻምሲያ ሲንጀር ነው፣ የዩኒፎርም ስፌት፣
ትምህርት ቤት ሊከፈት፣ ነሐሴ እኩለ ሌሊት።
ፔዳሏን ስትረግጥ፣ ቆም ስትል፣ ክር ስትበጥስ፤
ሁለት ዓመት ጎረቤቴ፣ አልሰማኋትም እስከዚህ ድረስ።

ላጥፋት? ጠቋሚው «እሺ» ላይ ቆሞ ቀረ።
ጠፋች። ዝናቡም ጠፋ። ዜማዬም አብሮ ከሰረ፤
ድምፄ የቲማቲም ጣሳ፣ ከጉድጓድ የሚጣራ፣
ውሃ የሄደበት ቧንቧ፣ አየሩ ሲያጓራ።

መለስኳት።
ምት ቆጣሪውን ዘግቼ፣ ተክ ተኳን ተከትዬ፣
ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ ክራሬን አስተካክዬ።
እሷ ክር ስትበጥስ፣ እኔም አፌን ስይዝ፣
እጅጌ ስትቀጥል፣ እኔም ስንኝ ስመዝ…

መብራት ሄደ።
አላስቀመጥኩትም ነበር።
የቶሺባዬ ባትሪ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው።
ሲንጀሩ ግን አልቆመም፤ እግር ነው የሚነዳው።

ጠዋት ስከፍተው፣ ግራጫው መስኮት ብቅ አደረገ፦
ያልተቀመጠ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ልመልሰው?
ግማሹ ተርፏል፤ ዝናብ፣ ክራር፣ ስፌት፤
የእኔ ድምፅ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ተበጥሷል።

ናዚፍ ሰማው፣ አንዱን ማዳመጫ ጆሮው ሰክቶ።
«ይሄ ተክ ተክ የሚለው ምንድነው?»
«ከበሮዬ።»
«በል እንጂ! ከየት አወረድከው?»

ግድግዳውን አሳየሁት።