ከግድብህ በታች

ግድቡ ያንተ ነው፣ ዤኒቫል፤ አልክድም።
ማኅተም ያለበትን ወረቀት አልቀድም።
አባትህ ነው የሠራው፤ በበሬ ቆዳ ላይ
ሸክላ አፈር ጎትቶ፣ በዚያ በሚፋጅ ፀሐይ፣
ሰባት ወር። መሐል ላይ አህያው ሞተበት።
ፓራይባ ይህች ናት፤ ቁልቋል እንኳ ሳስቶ የሚበቅልባት።

እኔ ከታች ነኝ፤ ሁለት መቶ እርምጃ ወረድ ብሎ።
ጉድጓዴን ታውቃታለህ። ውኃዋ ያንተው ነው፣ ሸክላህን አታሎ
የሾለከ። «ሌባ ውኃ» ትለዋለህ። እኔ እጠጣዋለሁ።
አራት ልጆች በሌባ ውኃ አሳድጌያለሁ።

አምና በበጋ መጣህ፣ በጋሪ ሲሚንቶ ጭነህ፤
«ጉድጓድሽ ነው የሚስበው፣ ግድቤን የሚያጎድለው» ብለህ።
ከላይ የሚጠጣ፣ ከታች ያለችውን
«አደፈረስሽብኝ» እንዳላት ሆነና ነገርህ፣ ዋጥኩት ሳቄን።
አባትህ ያለውን ግን ነገርኩህ፦
«ጠርቶ ሲንጠባጠብ፣ ተሸፋፍነህ ተኛ።
ደፍርሶ ሲወርድ ግን ሱሪህን አትፈልግ፤ ሩጥ፤
አፈሩ ተነሥቷል፤ ግድብህ ሆኗል መንገደኛ።»

ደፈንከው። ባይሆን ግማሹን። ጉድጓዴ ቀጠነች።
አንዲቷ ባልዲ ለመሙላት ግማሽ ቀን ጨረሰች።
የቦቴ መኪና ስጠብቅ፣ ከመንገድ ዳር ቆሜ፣
ሾፌሩ በያዘው ወረቀት ላይ በላብ ጠፋ ስሜ።

ሌሊት ሌሊት አስባለሁ፦ አፈሩ ያንተ ይሁን፣ ክትሩም ያንተ ይሁን፤
ከላይ የወረደው ዝናብ ግን ለማን ፈረመ፣ የት ከፈለ ግብሩን?
ቢሆንም አልከሰስኩህም። ለዳኛ ፊት የሚበቃ ጫማ የለኝም።
አንተም ክፉ አይደለህም፤ ፈሪ ነህ። አምስት ዓመት ድርቅ ያየ ሰው
ውኃ ሲያልፈው እያየ እንቅልፍ የለውም።

በቅድስት ሉሲያ ዋዜማ ስድስት ቁንጥር ጨው
ጣሪያ ላይ አሳደርኩ፤ ለስድስቱ ወር ነው።
ሦስተኛው ቀልጦ አደረ። መጋቢት አልኩህ። ሰማህ?
ጨው አታምንም አንተ። ከረጢት ነው የምታምነው።
አሸዋ ሞልተህ ደረደርክ፤ የማስተንፈሻውን አፍ ዘጋህ።
«ሁለት ክንድ ውኃ ጨመርኩ፣ ለቲላፒያዬ» አልክ።
አርማዲሎ ጎኑን ሲቦረቡረው «የእግዜር ፍጡር ነው» አልክ።
ከክትሩ ጀርባ የበቀለውን እሾህ ዛፍ ቆረጥክ፤ ሥሩን ግን ተውክ።
ሥር ሲበሰብስ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?
ቧንቧ።

የቅዱስ ዮሴፍ ሌሊት መጣ።
የለመንነውና የተውነው ዝናብ በአንድ ላይ ወረደ፣ ሰማዩ እስኪገረጣ።
ሲነጋጋ ጣሳዬን ጉድጓዷ ውስጥ ነከርኩ።
አወጣሁ። አየሁ።
የጡብ መልክ ነበረው።
ልጆቹን ኮረብታው ላይ ሰደድኩ፤ እኔ ሽቅብ ሮጥኩ።

ላይ ደርሼ በጩኸት ስምህን ስጣራ፣
በቢላ ከረጢት ስቀድ፣ አሸዋህን ስዘራ፣
መጣህ፤ ያለ ሱሪ። «ዓሣዬን!» አልክ። «ዓሣዬን!»
ዝም ብዬ አሳየሁህ፣ ክትሩ ጥግ ላይ
ውኃው የሚሽከረከርበትን ዓይን።
ከዚያ በኋላ አልተናገርክም። ጎን ለጎን ጎተትን፤
አንተ በጥርስህ ጭምር።

ውኃው በማስተንፈሻው እየጮኸ ሄደ።
ክትሩ አንድ ትከሻው ተናደ፤
ሌላው ቆመ።
ቲላፒያህን ልጆቼ ከሜዳ ለቀሙት። አልደበቅሁህም፤
ጠብሰን በላነው። የከረጢት መቅደጃውን ዋጋ ግን አልጠየቅሁህም።

የቀረው ሲሚንቶ ጆንያው ውስጥ ድንጋይ ሆኗል።
አሁን ጠዋት ጠዋት ክትሩ ላይ ቆመህ ትጣራለህ፦
«ዙልሚራ! ዛሬስ ምን መልክ አለው?» ትላለህ።
እኔም ጣሳዬን ወደ ብርሃን አነሣለሁ።
አንዳንድ ቀን፣ እውነቱን ልንገርህ፣
ጠርቶ ሳለ፣
ትንሽ አቆይሃለሁ።