ግማሽ የምትል መርፌ

ቺሎዌ ደሴት ላይ ዝናብ ቤተኛ ነው፤
ሳያንኳኳ ገብቶ ምድጃ ዳር ያለው።
ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነው ጀልባ የሚመጣው፣
የኦርፌሊናን ድንች ወዲያ ማዶ ሊያደርስ፤
አሮጌዋ ፔዦ ግን እምቢ አልንቀሳቀስ።

አባቴ ሊሳንድሮ ጆሮው ከድቶታል፤
መርከብ ሞተር ስር ኖሮ ድምፅ ሸሽቶታል።
ጣቱ ግን ያያል።
እኔ ነኝ ጆሮው፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ፣
ካቻቢቴ ይዤ ከኋላ የአባቴ።

«ዙሌማ፣ ምን አለች?» ቁልፉን ሳዞርለት።
«ጠቅ ብላ ዝም አለች፣ ሌላ ቃል ሳይኖራት።»

ጎረቤቱ ሁሉ መካኒክ ሆኖ አደረ፤
«ባትሪ ነው» የሚለው ባትሪ ተበደረ፤
«ሞተሪኖው ሞቷል» ያለው በመዶሻ መታ፤
ቄሱ ሳይቀሩ መጥተው «ካንዴላ ነው» አሉ፣
እሳትን የሚያውቁ በጧፍ ብቻ ሳሉ።

አባቴ ግን ዝም። ኮፈኑን ከፈተ፣
የማሳውን ገመድ በጥፍሩ ጎተተ፤
አረንጓዴ ዱቄት፣ ሻጋታ የመሰለ፣
ከሞርሴቶው አንገት እፍኝ ያህል አለ።
በካርታቬትሮ ፋቀ፣ መልሶ አሠረ፤
አዞርኩ፤ ሞተሩ ዞረ፣
ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፣
እሳት ግን ሳይጭር ቀረ።

«አሁንስ?»
«የሰው ስም ጠፍቶበት፣ ምላሱ ጫፍ ደርሶ፣
እንደሚንተባተብ፤ ያው፣ ደግሞ ተመልሶ።»

ሲመሽ መብራት አጥፉ አለ።
አዞርኩ። ከቦቢናው ጎን በጨለማው መሐል
ሰማያዊ ጉንዳን ገመዱ ላይ ይሮጣል፤
ከስፒንትሮጂኖው ክዳን ወደ ብረት ያመልጣል።
«አያችሁ? እሳቱ እርጥበት ጠጥቶ
ይፈሳል፤ ካንዴላው ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቶ።»
ኦርፌሊና ክዳኑን ምድጃ ዳር አኖረች፣
ከድንች ቂጣው ጎን እያገላበጠች።

ደረቀ፤ ገጠምነው፤ ብልጭታው ነጭ ወጣ።
ፔዦ አንዴ ሳለች። ከዚያ ሌላ ድምፅ ታጣ።

«እሳትስ አላት፤ መጠጥ ነው የቀራት»
ብሎ መርፌዋን አየ። ግማሽ ላይ ናት።
«ነዳጅ ካላትማ ፖምፓው ነው።» ፈታው፣
እራት የበላንበት ጠረጴዛ ላይ በተነው።
ላስቲኩ ደህና ነው። ካርቡራተሩን በአፉ ነፋ፤
እሱም ደህና ነው። ሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
እጁ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ
እንደ ሽማግሌ ተቀመጠ።
እንዲያ አይቼው አላውቅም።

ቆይቶ ቀና አለ። «ኦርፌሊና፣» አለ፣
«ኤሌውቴሪዮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣
ነዳጁን በምን ነበር የሚያየው?»

ሳቀች ሴትዮዋ። «በመርፌዋማ አይደለም!
እሷ ከግማሽ ወርዳ፣ ወጥታም አታውቅም።
ሞልቶም ግማሽ ናት፣ ደርቆም ግማሽ ናት፤
እሱ ግን ዘንግ ነበረው፣ በቢላ የፈለጣት፣
እያንዳንዷ ጭረት አምስት ሊትር የሆነች።»
«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»
«ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ዘንጓ ዶሮ ቤት ነበረች፤ በር ደግፋ።
ነቅዬ አመጣኋት፣ በኩስ ተለውሳ።
ጠረግናት፤ ታንኩ ውስጥ ሰደድናት እስከ ወለሉ፤
ደረቅ ወጣች፣ ጭረቶቿ ሁሉ።

«ባትሪ ነው» ያለው ሰውዬ አቀርቅሮ ሄደ፣
በጄሪካን አምስት ሊትር ይዞ ወረደ።

አዞርኩ። አስነጠሰች። ጥቁር ጭስ ተፋች።
ተንቀጠቀጠች፣ ተንገዳገደች፣
ተነሣች።

አባቴ መዳፉን ፓራፋንጎው ላይ አሳረፈ፤
«ምን አለች?» ሳይለኝ ዐይኑን ጨፈነ።
ብዙ ቆየ።
«ሦስተኛው ካንዴላ ትንሽ ይሰንፋል» አለ፤
እኔ ግን አልሰማሁም።

ድንቹ ተጫነ። ዘንጓ ከወንበሩ ጀርባ ገባች፣
ድሮ ወደምትኖርበት።
«መርፌዋንስ እንሥራት?» አልኳት።
«ተያት፤ እሷን ማን ያምናታል» ብላ ማርሽ አስገባች።

ከመኪናው ኋላ፣ በሩ ክፍት በቀረ ጓሮ፣
ዝናብ ውስጥ ወጥቶ ቆሟል የኦርፌሊና ዶሮ፤
አንድም፣ ሁለትም አይደል፤ ሁሉም።