የጎበጠ እንዝርት

በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ የሌሊቱ ፈረቃ ሲያበቃ፣
ነውር ያለበት ጣቃ
ለአባቴ ለሙሄ ይመጣ ነበር፤
ብርሃን ላይ ዘርግቶ በክንዱ ሊሰፍር።
«ክንድ ከስንዝር፣ ሰረዝ። ክንድ ከስንዝር፣ ሰረዝ።
የሰው እጅ አይደለም ይሄ፤ ሰው ሲሳሳት ቀጠሮ አይዝ።»
ይነሳና ከአራት መቶ እንዝርት መሀል
አንዱን በጣቱ ነክቶ፣
«አንተ ነህ የጎበጥከው» ይላል።

አሁን እኔ ደሴ ነኝ። ጦሳ ጉሙን ለብሷል፤ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል።
ኮሪደሩ ላይ ጭቃ በቁመቱ ልክ ታትሞ ተጋድሟል፤
ከኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ከጥልቁ በቧንቧ የተቀዳ፣
ለሁለት የተሰነጠቀ፣ እንደ ሸንኮራ አገዳ።
ቀላ፣ ነጣ፣ ቀላ፣ ነጣ፤
ቀን አልተጻፈበትም፣ ከየትኛው ዘመን እንደመጣ።

ቦርከና ባሕር አያይም፤ አዋሽም መንገድ ይቀራል።
ዝናብ በከዳን ዘመን አቧራችንን ነፋስ አዝሎ
ከባሕር ሥር አስተኛው፣ ስስ ንጣፍ አስመስሎ።

ተንበርክኬ በክንዴ ለካሁ። ክንድ ከስንዝር፣ ሰረዝ።
ምድር ናት፤ ስትሾር ስትሾር አናቷ የሚወዘወዝ።
አንዱ ዙር ውዝዋዜዋ ሃያ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ፤
አሥራ ሰባት ቆጥሬ
ለአባቴ ደወልኩለት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በጨለማ።

«እኛስ ስንተኛው ላይ ነን?»
«ገና ያልተቋጨው ላይ።»
ሳለ። ዝም አለ። ከዚያ፦
«ያን ነውረኛ ጣቃ ለሠራተኛ በግማሽ ዋጋ ይሸጡት ነበር፤
ታስታውሻለሽ ወይ?»

አስታውሳለሁ።
የአምስተኛ ክፍል ዩኒፎርሜ፤
ሰረዙ በደረቴ በኩል ያልፍ ነበር።